ጋኑና ሪሞቱ

ማስተዋል ስሕተቱን ያየችው ላስቲኩን ቀድዳ ከጣለችው በኋላ ነው። አዲሱ ቴፕ ከፊት ለፊቱ አራት ክብ የድምፅ ማውጫ አለው፤ ሁለቱ ሰፋፊ፣ ሁለቱ ጠባብ። ሰፋፊዎቹን በጨርቅ ስትወለውል ጣቷ ወንፊት መንካት ሲገባው ድርቅ ያለ ነገር ነካ። ጎንበስ ብላ አየችው። በጥፍሯ ቧጠጠችው። ወንፊትም ጉድጓድም የለውም፤ በፕላስቲክ ላይ በጥቁር ቀለም የተሳለ ክብ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። እውነተኞቹ ጠባቦቹ ብቻ ነበሩ።

ባሕር ዳር ያለው ባለሱቅ ደግሞ "ላስቲኩ እስካልተቀደደ ድረስ ትመልሽዋለሽ" ብሏት ነበር።

"እኔኮ አውቄዋለሁ" አለች ብቻዋን።

አላወቀችውም ነበር። ግን ማስተዋል ክፉ ነገር በደረሰ ቁጥር ቀድማ ያወቀችው ይመስላታል፤ ሁልጊዜ ስለምትጠብቀው። ዝናብ ቢዘገይ ድርቅ ነው፤ ቢመጣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሊውጠው ነው። ልጇ ንግሥቲ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከቆየች ባጃጅ ገጭቷታል። ባሏ እንዳልካቸው ስልክ ካላነሳ ሩዝ መፈልፈያው እጁን ይዞታል። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምራለች፤ ትምህርቱ ከሁሉ በላይ የጠቀማት ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብባ፣ ሊመጣ ይችላል የተባለውን ሕመም ሁሉ አንድ በአንድ እንድትጠብቅ ነው።

ቢሆንም ቴፑን የገዛችው ለድምፁ አልነበረም። ከካርቶኑ ጥግ ተጠቅልላ ለተቀመጠችው፣ መዳፍ እንኳ ለማትሞላው ለሪሞቷ ነው የገዛችው። ስለ ሥዕሉ ለማንም ትንፍሽ ሳትል ቴፑን ከአማቷ አልጋ ትይዩ፣ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው።

አማቷ አያ ዳኘው የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ወረታ መጥተው ከልጃቸው ከእንዳልካቸው ቤት ይኖራሉ። ሲመጡ ከልብሳቸው ሌላ ይዘውት የመጡት ንብረት አሮጌ ባለካሴት ቴፕ፣ አንድ ስፒከርና አንድ ጋን ነበር። ጋኑን የሠራችው ሸክላ ሠሪዋ ጥሩብርሃን ናት፤ ለጠላ ብላ ሳይሆን ለዚሁ ለስፒከሩ፣ አፉን በልኩ ለክታ። ሜዳው ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ስፒከር በጋን አፍ ላይ ሲደፋ ድምፁ ሆድ ያወጣል።

ከዕቃው ጋር አንድ ልማድም ይዘው መጥተዋል። ማታ በር የሚዘጉት እሳቸው ናቸው። ራት ተበልቶ ሲያበቃ ቴፑን ያጠፋሉ፣ ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ "ሚካኤል ይጠብቀን" ብለው መቀርቀሪያውን ይገፉታል፣ በሩንም አንዴ ነቅነቅ ያደርጉታል። ማስተዋል ከተዳረች ወዲህ እንቅልፍ ያለ ሐሳብ የወሰዳት እሳቸው ከመጡ በኋላ ነው። ያ በር በማን እጅ እንደተዘጋ ታውቃለችና።

ክረምት ላይ ግን አያ ዳኘው ከደጅ ባለው ቦይ ላይ ከተጋደመው እንጨት ተንሸራተው ወደቁ። የዳሌያቸው አጥንት ተሰብሮ ባሕር ዳር ብረት ገባላቸው። ሐኪሙ "ይራመዱ" ብሎ ክራንች ሰጥቶ ሸኛቸው። ቤት ገብተው የመጀመሪያውን ቀን ሊነሱ ሲሞክሩ ዞረባቸው፤ ማስተዋል ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች፤ እሳቸውም ተመልሰው ቁጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ እግራቸውን ከአልጋ ባወረዱ ቁጥር "ይወድቃሉ! አባየ፣ ይወድቃሉ!" እያለች ከጓዳ ትወረወራለች። አንድ ቀን ክራንቹን አንስተው ከአልጋው ሥር ወረወሩት።

"በቃ። አልነሳም።"

ጎረቤታቸው ሲስተር ጸሐይነሽ ከጤና ጣቢያ ስትመለስ እየገባች ታያቸዋለች። ማስተዋልን ደጅ ጠርታ፣ "እግራቸው እየከሳ ነው። እስከ ኅዳር ካልቆሙ ከዚያ ወዲያ አልጋው ይለምዳቸዋል። አስነሽያቸው እንጅ" አለቻት።

"ቢወድቁስ?"

"ባይነሱስ?"

ኅዳር የተባለው ዝም ብሎ አልነበረም። አያ ዳኘው በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለዋል፤ ዜማም ጥቂት ቀምሰዋል። አርሶ አደር ሆነው ቢኖሩም በኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ከበሮውን የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ። "የከበሮው ዳኘው" ነው የሚላቸው አገሩ። ዓመቱን ሁሉ ቢቀሩ በኅዳር ሚካኤል አይቀሩም። እንዳልካቸው ገና ከሆስፒታል እንደወጡ፣ "ግድ የለም አባየ፣ ካልሆነ በቃሬዛ እንወስድዎታለን" ብሏቸው ነበር።

"ወደ ሚካኤል በሰው ትከሻ የምሄደው አንዴ ነው" አሉ። "እሱም ገና ነው።"

ማስተዋል ይህን ሁሉ ታውቃለች። መነሳት እንዳለባቸው ታውቃለች፤ ሲነሱ ማየት ግን አትችልም። የድሮው ቴፕ ማዞሪያ ደግሞ ከአልጋው ትንሽ ራቅ ይላል። ድምፁን ከፍ ለማድረግ ከአልጋው ጫፍ ተንጠራርተው፣ ግማሽ አካላቸው አየር ላይ ሆኖ ስታገኛቸው ሮጣ ደገፈቻቸው። በማግስቱ ባሕር ዳር ሄዳ ባለሪሞቱን ገዛች።

እንዳልካቸው ከመፈልፈያው ሲመለስ አየውና ሳቀ። "ማስቴ፣ ሰውየውን ከአልጋው ጋር ልትሰፊያቸው ነው?"

"እንዳይወድቁ ነው!"

"የተሰፋ ሰውማ አይወድቅም።"

አሮጌው ቴፕ ጓዳ ገባ። ጋኑ ባዶውን መቆሙ ማስተዋልን አላስቻላትም፤ አይጥ ጆንያዎቹን እየቀደደ ነውና ያለፈውን ዓመት ሩዝ እስከ አንገቱ ሞላችበት።

አያ ዳኘው በሪሞቱ መጀመሪያ ላይ ተደሰቱ፤ ይህን ሰው ሊክድባቸው አይገባም። ተጋድመው ቁልፉን ሲነኩት ቴፑ ይበራል፤ ሲነኩት ይጮኻል፤ ሲነኩት ዝም ይላል። "ይኸ ደህና ሎሌ ነው" አሉ። "አይበላ፣ አይመልስ።" ዜና ሰሙ፣ ስብከት ሰሙ፣ የሩዝ ገበያ ወሬ ሰሙ፤ ያልወደዱትን ዘፈን በአንድ ጣት አባረሩት። ማስተዋል ለልብስ ማጠቢያ ጊዜ አገኘች። ከጓዳ ብቅ ስትል እሳቸው እንደተጋደሙ ናቸው፤ ትንፋሿ ይመለሳል።

ሪሞቱን ወደ እሷ ማነጣጠርም ጀመሩ። "ነቁ? በሉ? መድኃኒቱን ዋጡ?" ስትላቸው ሪሞቱን አንስተው ይጫኑታል።

"ምን እያደረጉ ነው አባየ?"

"የአንችን ድምፅ መቀነሻ አጣሁት።"

ንግሥቲ መጽሐፏን ጥላ በሳቅ ፈረሰች። "አባባ፣ ካገኙት ለእኔም ይንገሩኝ!"

ከዚያ እንዳልካቸው የድሮውን ካሴት ወደ ፍላሽ አስገልብጦ አመጣ። ካሴቱ ከብዙ ዓመት በፊት በኅዳር ሚካኤል ማኅሌት ላይ የተቀዳ ነው፤ ከበሮው የአያ ዳኘው ነው። ሽማግሌው ቀና ብለው ትራስ ተደገፉና ሪሞቱን ተጫኑ። መሪው አነሳ፤ ተቀበሉት፤ ጽናጽሉ ተንሿሿ። ከበሮው ሲገባ አያ ዳኘው ግንባራቸውን አጨማደዱ።

"ማነው ይኸ ቆርቆሮ የሚደበድበው?"

ንግሥቲ ወደ አባቷ ዞረች።

"እርስዎ ነዎት አባየ" አለ እንዳልካቸው።

"እኔ?" ሪሞቱን ደጋግመው ተጫኑት። ድምፁ ጨመረ፤ ከበሮው ግን አሁንም ጣሳ ነው። "ከበሮ ሁለት ፊት አለው። ጠባቡ ይሰማኛል። ሰፊው ፊት የት ሄደ? መሬቱን የሚነቀንቀው?"

ማስተዋልን ከዚህ በላይ አላስቻላትም። "ሥዕል ነው አባየ" አለች።

"ምኑ?"

"ሰፋፊዎቹ የድምፅ ማውጫዎች። በቀለም የተሳሉ ናቸው። ላስቲኩን ከቀደድሁ በኋላ ነው ያየሁት።"

እንዳልካቸው ተነስቶ ቴፑን በጥፍሩ አንኳኳና አፉን ያዘ። አያ ዳኘው በጣም ሳቁ፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "ሥዕል ከሆነማ አምጡት እንሳለመው!"

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ብርድ ልብሱን ገፍተው እግሮቻቸውን አዩአቸው፤ የቀኙ ከግራው ቀጥኗል። "እኔስ ብሆን" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለት እግር ተስሎብኝ የለም?" ሪሞቱን ትራስ ሥር አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግስቱ ዜናም አላዳመጡም። በሚቀጥለው ቀን እህል ገፉ። ማስተዋል ያየችው ነገር አዲስ አልነበረም፤ ቃሬዛውን፣ ዋይታውን፣ እንግዳ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ሳይቀር በሐሳቧ ደርድራ ጨርሳ ነበር። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጎረበጣት። ይህን ሁሉ ስታስብ እሳቸው እየተኙ እሷ እየጠበቀች ነው። የጠበቀችው ነገር ደግሞ እየመጣ ነው፤ መንገዱን የጠረገችለት ራሷ ናት፤ እንዳይነሱ ብላ የመነሻቸውን ምክንያት ጓዳ ከትታዋለች።

እጇን እንኳ ሳትጠርግ ወደ ጓዳ ገብታ አሮጌውን ቴፕ አወጣችው።

"ምን ልትሆኝ ነው?" አሉ አያ ዳኘው ሳይዞሩ።

"ከበሮዎን ላሰማዎት ነው። ማዞሪያውን እኔ አዞርልዎታለሁ፤ እርስዎ ብቻ አይነሱ። ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ።"

ቴፑን ከጋኑ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጠች፤ ስፒከሩን በጋኑ አፍ ላይ ደፋች፤ ካሴቱን ከተተች። መሪው አነሳ፣ ተቀበሉት፣ ከበሮው ገባ። ከአዲሱ ይሻላል። ግን ታፍኗል፤ ሰው ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚናገር ይመስላል።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩ። "ጋኑን ምን አበላሽው?"

ማስተዋል ጭንቅላቷን ያዘች። "ውይ! ሩዝ!"

"ሩዝ?"

"አይጥ አስቸገረኝና…"

"አንች ሴት! ከበሮ መሃል ሩዝ? ይኸ ጋን ጠግቦ ነዋ፤ የጠገበ መች ይጮኻል!" ለቀናት ያልተሰማው ሳቃቸው ተመለሰ። "በይ አስመልሽው፣ አራግፊው!"

ንግሥቲ ስትመጣ ጋኑን አጋድመው እናትና ልጅ ሩዙን ወደ ጆንያ ዘረገፉት። ጋኑ ባዶ ሆኖ ቆመ። ማስተዋል ማዞሪያውን ጠመዘዘችው።

ከበሮው ሲገባ ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ተንጫጩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ ዘመመ። ማስተዋል ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ስለቆመች ድምፁን በጆሮዋ ሳይሆን በውስጥ እግሯ ሰማችው። ለእሷ ያ ድምፅ ድሮ ራስ ምታት ነበር። ዛሬ ግን ሽማግሌውን አየች፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ ቀኝ መዳፋቸው ተዘርግቶ ብርድ ልብሱን ይመታል።

"መጣ" አሉ። "ሰፊው ፊት መጣ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስተዋል ራሷ ሪሞት ሆነች። ሊጥ እያቦካች "ከፍ!" ይሏታል፤ ሽንኩርት እየከተፈች "ዝቅ!" ይሏታል። ትሮጣለች፣ ታዞራለች፣ ትመለሳለች። ካሴቱ አለቀና ገልብጪው፣ ገመዱ ላላና አጥብቂው።

"ያኛው ሎሌ ይሻል ነበር" ይላሉ ሪሞቱን ከትራስ ሥር አውጥተው እያዩት። "ይኸኛው ይነጫነጫል። ምን ነበረ ድምፁ የጋኑ ሆኖ ሎሌው የዚያ ቢሆን!"

"እሱን የሚሠራ ካለማ እኔ ራሴ እገዛዋለሁ" አለች ማስተዋል ላቧን እየጠረገች።

ጥቅምት እያለቀ ሲሄድ አንድ ቀን ወደ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጋላቸው ሄደች። ጣቷ ላይ ሊጥ ነበረ፤ ማዞሪያው ላይ ነጭ ምልክት ተወ። ስትመለስ ደጅ ላይ ሆና ነው ከበሮውን የሰማችው። ገብታ ማዞሪያውን አየች። ነጩ ምልክት ታች ነበር የተወችው፤ አሁን ላይ ነው።

ንግሥቲ ትምህርት ቤት ናት። እንዳልካቸው መፈልፈያው ዘንድ ነው። አያ ዳኘው ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል፤ ትንፋሻቸው ግን የተኛ ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ከአልጋው ሥር ተጥሎ የከረመው ክራንች ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

ማስተዋል ልትጮኽ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። የገዛችውን ቲማቲም ይዛ ጓዳ ገባችና አንድ በአንድ አጠበችው።

በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ "ሱቅ ደርሼ ልምጣ" ብላ ወጣች። ሱቅ አልሄደችም። በቤቱ ጎን ዞራ በመስኮቱ ስንጥቅ አጮለቀች።

አያ ዳኘው ጆሯቸውን አቁመው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ እግራቸውን አወረዱ። ክራንቹን ሳቡት። ተነሱ፤ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እንደገና ተነሱ። ጉልበታቸው እንደ ሸምበቆ ሲንቀጠቀጥ ማስተዋል የነጠላዋን ጥለት ነከሰችው። አንድ እግር። ክራንቹ። ሌላው እግር። ዘመም ሲሉ እሷም ውጭ ሆና ከግድግዳው ጋር ዘመመች። ጋኑ ጋ ደረሱ። ማዞሪያውን ወደ ላይ ጠመዘዙት፤ ከዚያ መዳፋቸውን በጋኑ ሆድ ላይ አሳረፉ። ከበሮው ከሸክላው ወደ እጃቸው፣ ከእጃቸው ወደ ትከሻቸው ሲወጣ አየችው። ትከሻቸው መወዛወዝ ጀመረ፤ ማኅሌት ላይ እንደቆመ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ።

ወደ ቤት ሮጣ ልትገባ አንድ እግሯን አንስታ ነበር። መልሳ አስቀመጠችው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሳቸው ሲያንቀላፉ ጋኑን በአፉ ጠርዝ ይዛ እያንከባለለች ከአልጋው አንድ ክንድ ያህል አራቀችው። በርጩማውንም አስከተለች። በሌላ ቀን ደግሞ ሌላ ክንድ። የኤሌክትሪኩ ገመድ ሲያጥርባት ረጅም ገመድ ገዝታ መጣች። ሳሎኑን ጠርጋ ስታበቃ፣ ምንጣፍ አንጥፋ ስታበቃ፣ ሁልጊዜ ምክንያት አላት፤ ጋኑ ግን ወደ በሩ እየሄደ ነው።

አያ ዳኘው አንድ ጧት አሻግረው አዩት። "ይኸ ጋን እግር አወጣ እንዴ?"

"ወለሉ ዘመም ስላለ ይሆናል አባየ።"

"ወለሉ ወደ በሩ ነው የሚዘመው?"

"ወደዚያ ነው።"

አዩአት። ዓይናቸው ውስጥ የልጅ ተንኮል የመሰለ ነገር ብልጭ አለ። "እንግዲያ ይዝመም" አሉ።

እንዳልካቸው ማታ ሹክ አላት። "አንች ራስሽ? ሰው ሲያስነጥስ ሐኪም የምትጠሪው?"

"ዝም በል፤ ልቤ በአፌ ልትወጣ ነው" አለችው። እውነቷን ነበር። ጋኑን ባራቀች ቁጥር ሌሊቱን አትተኛም፤ በሩን ዘግታ ትጋደማለች፣ ተነስታ ትነካካዋለች፣ ደግሞ ትጋደማለች። ቢሆንም ጧት ላይ ጋኑን ትገፋዋለች።

ኅዳር ገባ። ሜዳው ላይ ሩዝ ይታጨዳል፤ ወረታ መንገዱ ሁሉ ጆንያ ሆነ። አንድ ቀን ማስተዋል ከቧንቧ ውኃ ቀድታ በሩን በክርኗ ገፍታ ስትገባ አያ ዳኘው ፊት ለፊቷ ቆመዋል። በሩና ጋኑ አሁን ጎን ለጎን ናቸው። አልጋው ከኋላቸው ወዲያ ርቆ ይታያል። እንደተያዘ ልጅ ማዞሪያውን ለቀቁት።

"ትንሽ… ከፍ ላድርገው ብዬ ነው።"

ጀሪካኑ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። "ይወድቃሉ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አየቻቸው። አልተንቀጠቀጡም።

"ያድርጉት" አለች። "ከፍ ያድርጉት አባየ።"

አደረጉት። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። ሲስተር ጸሐይነሽ ድምፁን ሰምታ ከደጅ ብቅ አለች፤ ቆመው ስታያቸው መዳፏን አፏ ላይ ጫነች፤ ቀጥላም እልል አለችው። የሰፈሩ ሴቶች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከየቤታቸው ተቀበሏት።

በኅዳር ሚካኤል ዕለት ባጃጅ ተከራይተው ወደ ቁሐር ሄዱ። ግራና ቀኝ የታጨደ ሩዝ ተከምሯል፤ ውኃው የሸሸበት ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባለባጃጁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሊያደርሳቸው ሲል አያ ዳኘው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

"ከዚህ ዋርካ ሥር አቁም።"

"ገና ነው እኮ አባቴ።"

"አውቀዋለሁ። አቁም ብየሃለሁ።"

ወረዱ። ነጠላቸውን አጣፉ፤ ክራንቹን ተደገፉ። ማስተዋል ከኋላ እጇን ዘርግታ ተከተለች፤ ግን አልነካቻቸውም። መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር ሁሉ ቀድማ ታያለች፤ ያን ጉድጓድ፣ ያን ሥር፣ ያን የሚሮጥ ጥጃ። እሳቸው ግን ቀና ብለው ነው የሚሄዱት። አገሩ አወቃቸው። "ዳኘው ናቸው! የከበሮው ዳኘው በእግራቸው መጡ!" እያለ ሰው መንገድ ለቀቀ፤ ሽማግሌዎች ከተቀመጡበት ተነሱ፤ አንዲት አሮጊት ጉንጫቸውን ይዛ ሳመቻቸው።

ታቦቱ ወጥቶ ምእመኑ በዝማሬ ሲከበው ከበሮ የያዘው ጎልማሳ አያቸው። ገብረማርያም ይባላል፤ ከበሮ መያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወደ እሳቸው መጣና ከአንገቱ ሳያወርድ ከበሮውን አዙሮ ሰፊውን ፊት አቀረበላቸው። አያ ዳኘው ክራንቹን ለማስተዋል ሰጧት። ሰጧት! ባዶ እጃቸውን በእግራቸው ቆሙና መዳፋቸውን አነሱ።

ያ ድምፅ ከጋን አልወጣም፤ ከስፒከርም አልወጣም። ማስተዋል በደረቷ ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ መሬቱን አላየችም፤ ጠጠሩንም፣ ጥጃውንም ረሳቻቸው። ክራንቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ እልል አለች። እንዳልካቸው ዞር ብሎ ያቺ ሴት ማን ናት ብሎ እንዳየ፣ ኋላ ነገራት።

ማታ ቤታቸው ራት ተበላ። አያ ዳኘው ደክሟቸዋል፤ ፊታቸው ግን በርቷል። አዲሱን ቴፕ ለንግሥቲ መረቁላት፤ "ለዘፈኑ ይበቃሻል፤ ዘፈናችሁ ሰፊ ፊት የለውም" አሏት። ሪሞቱን ግን አልሰጧትም።

"ያለ ሪሞቱ ምን ያደርግልኛል አባባ?"

"እናትሽ ዝም እስክትል ይቆየኝ።"

ማስተዋል ቀድማ ጋደም አለች። ግድግዳው ወዲያ ከበሮው ለጥቂት ጊዜ ተመታ፤ ከዚያ ዝቅ አለ፤ ከዚያ ጠፋ። እሳቸው ከወደቁ ወዲህ በዚህ ሰዓት እሷ ነበረች የምትነሳው። አንድ እግሯን ከአልጋው አውርዳ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች፤ ያኔ የክራንቹን ድምፅ ሰማች። ወደ አልጋቸው አይደለም የሚሄደው። ወደ በሩ ነው።

"ሚካኤል ይጠብቀን" አሉ አያ ዳኘው።

ማስተዋል እግሯን መልሳ ጋቢው ውስጥ ሳበችው። መቀርቀሪያው ሲጢጥ ብሎ ገባ፤ በሩ አንዴ ነቅነቅ አለ፤ ተዘጋ።